ገና ባልተሠራ ቤት ውስጥ ማን ይሞቀዋል?

እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2022 እንግሊዝ ውስጥ አንድ አዲስ የሕንፃ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። በአገሬው አጠራር «ክፍል ኦ» ይባላል። አዲስ መኖሪያ የሚገነባ ሁሉ ቤቱ በሞቃቱ ወራት ከልክ በላይ እንደማይግል አስቀድሞ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ደንቡ ሥራ ከጀመረ ወር ከአራት ቀን በኋላ፣ ጁላይ 19፣ በምሥራቅ እንግሊዝ ኮኒንግስቢ በተባለ ቦታ ቴርሞሜትሩ 40.3 ዲግሪ ሴልሺየስ አሳየ። ብሪታንያ ከ40 ዲግሪ በላይ ስትመዘግብ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዝናብና ብርድ መታወቂያዋ የሆነ አገር ሙቀትን በሕግ ለመገደብ የተነሳችው ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 አውሮፓን የመታው የሙቀት ማዕበል ከ70,000 በላይ ሰዎችን እንደገደለ በኋላ የተደረገው ስሌት ያሳያል፤ ፈረንሳይ ብቻዋን ወደ 15,000 ሰው አጥታለች። ከሟቾቹ የሚበዙት አረጋውያን ነበሩ። ብዙዎቹን ሞት ያገኛቸውም ሜዳ ላይ ሳይሆን በየቤታቸውና በየመጦሪያው ነው። የሰሜን አውሮፓ ቤት ለዘመናት የተሠራው ሙቀት እንዳያመልጠው ነው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ግድግዳው እየወፈረ፣ ስንጥቁ እየተደፈነ፣ መስታወቱ ደግሞ እየሰፋ ሲሄድ አንዴ የገባው ሙቀት መውጫ አጣ።

ክፍል ኦ ለገንቢው ሁለት መንገድ ይሰጠዋል። አንደኛው ቀላል ነው፤ የመስታወቱን ስፋትና የሚከፈተውን መስኮት መጠን ከሠንጠረዥ ጋር ማመሳከር። ሁለተኛው ቤቱን ኮምፒውተር ውስጥ ገንብቶ ዓመት ሙሉ ማኖር ነው። ይህን መንገድ የመረጠ ሰው ማለፍ ካለበት መስፈርቶች አንዱ ቁርጥ ያለ ነው፤ መኝታ ቤቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ከ26 ዲግሪ በላይ መሆን የሚፈቀድለት ከዓመቱ የሌሊት ሰዓታት ከ1 በመቶ ላልበለጠው ብቻ ነው። በሰዓት ሲቆጠር 32 ሰዓት መሆኑ ነው። ሠላሳ ሦስተኛው ሰዓት ከመጣ ንድፉ ወደ አርክቴክቱ ይመለሳል። መሠረት ያልተቆፈረለት ቤት በማንም ላይ ላልደረሰ ሙቀት ይከሰሳል ማለት ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የተሣለው ቤት በፕሮግራሙ ውስጥ ክፍል በክፍል ይቆማል። ግድግዳው ከውጭ ወደ ውስጥ ምን ምን እንደሆነ ይጻፋል፤ ልስን፣ ብሎኬት፣ ሌላ ልስን። የእያንዳንዱ ውፍረት፣ ክብደት፣ ሙቀት የማሳለፍና የመያዝ አቅም በቁጥር ይገባል። ከዚያ የአካባቢው የአየር ጠባይ ፋይል ይጫናል፤ የአንድ ዓመት 8,760 ሰዓታት፣ ለየሰዓቱ የአየሩ ሙቀትና እርጥበት፣ የነፋሱ ፍጥነትና አቅጣጫ፣ የፀሐይዋ ኃይል። ፕሮግራሙ ሰዓቱን በተራ እያለፈ ይጠይቃል። ጣሪያው ስንት ተቀበለ? ስንቱን ወደ ውስጥ አሳለፈ? ግድግዳው ጠዋት የዋጠውን ሙቀት መቼ ይመልሳል? በመስኮት የገባው ፀሐይ ወለሉን ምን ያህል አሞቀው? ሰዎቹ፣ አምፖሉና ፍሪጁ ምን ጨመሩ? የገባው ከወጣውና ከተጠራቀመው ጋር እስኪተካከል ሒሳቡ ይደጋገማል። ሥራው ሲያልቅ ማንም ያልኖረበት ቤት የሙሉ ዓመት የሙቀት ታሪክ ይኖረዋል።

ይህ ጥበብ ትናንት የመጣ አይደለም። ትራንሲስ የተባለው ፕሮግራም ከአሜሪካው ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ኢኤስፒ-አር የተባለው ደግሞ የግላስጎው ስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር በ2001 ያወጣው ኢነርጂፕላስ ማንም በነፃ የሚያወርደው ሲሆን፣ በገንዘብ በሚሸጡ በርካታ ፕሮግራሞች ሆድ ውስጥም ስሌቱን የሚሠራው እሱ ነው። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ፕሮግራሞቹን የሚፈትኑበት ቤስቴስት የሚባል ዘዴ አወጡ። ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሳጥን የመሰለ ተራ ክፍል ሰጥተው መልሳቸውን ጎን ለጎን አስቀመጡት። መልሱ አንድ አልሆነም። ከዓመታት እርማት በኋላ ልዩነቱ ጠብቦ ፈተናው ራሱ የሙያው ደረጃ ሆኗል። ስለ ግድግዳ የሚነሳው ጥያቄ ዛሬ በአመዛኙ መልስ አግኝቷል። አስቸጋሪው በግድግዳው ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ነው።

ሰውን በቀመር ያስገባው ዴንማርካዊው መሐንዲስ ፖቭል ኦሌ ፋንገር ነው። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ካንሳስና በዴንማርክ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ ሙቀቱ በሚታዘዝ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ተቀምጠው በረደን ሞቀን እያሉ ድምፅ ሰጥተዋል። ፋንገር ከዚህ መረጃና ከሰውነት የሙቀት ሒሳብ ተነስቶ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ምቾትን ስድስት ነገሮች እንደሚወስኑት አስቀመጠ፤ የአየሩ ሙቀት፣ ከጣሪያና ከግድግዳ የሚመጣው የጨረር ሙቀት፣ የአየሩ እንቅስቃሴ፣ እርጥበቱ፣ የለበሱት ልብስና የሚሠሩት ሥራ። ልብስ «ክሎ» በሚባል መለኪያ ይለካል፤ ሙሉ ሱፍ 1 ገደማ፣ ሱሪ ከጉርድ እጅጌ ሸሚዝ ጋር 0.57 ነው። ሥራ «ሜት» አለው፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው 1፣ ምግብ የሚያበስል ከ1.6 እስከ 2።

ስድስቱ ሲገቡ ቀመሩ ከ−3 እስከ +3 ያለ ቁጥር ይመልሳል፤ ታችኛው ጫፍ ክፉ ብርድ፣ ላይኛው ክፉ ሙቀት፣ ዜሮ መካከለኛው ነው። ከቀመሩ ሁሉ ሐቀኛው ክፍል የሚከተለው ይመስላል። ፋንገር ዜሮ ላይ እንኳ ከመቶ ሰዎች አምስቱ ቅር እንደሚላቸው ስሌቱ ውስጥ ጽፎታል። አንዱ መስኮት ሲከፍት ሌላው የሚዘጋበት ቢሮ የአመል ችግር ያለበት ብቻ አይምሰል፤ ሒሳቡም ይጠብቀዋል። ቀመሩ በ1984 አይሶ 7730 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ፤ ዛሬ በአብዛኞቹ የሕንፃ ሙቀት ፕሮግራሞች ውስጥ ይገኛል።

ከስድስቱ መካከል ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጨረሩን ነው። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር እኩለ ቀን ላይ የተቀመጠ ሰው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር 26 ቢያሳየውም ላቡ አይደርቅም። ከላይ የጋለው ብረት በቀጥታ እሱን እያሞቀው ነው፤ አየሩን አይጠብቅም። ያው ቆርቆሮ ሰማይ ጥርት ባለበት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ ለቆ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፤ ከሥሩ የተኛውም የሰውነቱን ሙቀት ለጣሪያው ይገብራል። ፀሐይ የሚያርፍበት መስታወት አጠገብ የተቀመጠ ሠራተኛም እንዲሁ ነው። ከኋላው ያለ ባልደረባው ሹራብ ሲደርብ እሱ ኮቱን ያወልቃል። የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር፣ በምሕጻሩ አሽሬ፣ በቀጥታ ሰው ላይ የሚያርፈው ፀሐይ በምቾት ስሌት እንዲገባ በደረጃው ላይ ያስቀመጠው በ2017 ነው። ሲሙሌሽን የሚባለው ይህ የኮምፒውተር ስሌት ከተራ መለኪያ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ የእያንዳንዱን ገጽ ሙቀት ለየብቻ ስለሚያሰላ ሰውየው የት እንደተቀመጠ መጠየቅ ይችላል።

ይሁን እንጂ ሰውየው ማነው? በ2015 ሁለት የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች፣ ኪንግማና ቫን ማርከን ሊህተንቤልት፣ በኔቸር ክላይሜት ቼንጅ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ የቢሮ ሙቀት የሚወሰንበት የሰውነት ስሌት የተመሠረተው 70 ኪሎ በሚመዝን የ40 ዓመት ወንድ ላይ መሆኑን አሳዩ። የሴቶችን ሰውነት ሙቀት የማመንጨት መጠን እስከ 35 በመቶ አጋንኖ ሊገምት ይችላል። በብዙ ቢሮዎች ሴቶች ኤሲ ሥር ሻርፕ ደርበው የሚሠሩበት አንዱ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። በ2019 ደግሞ ሌላ የምርምር ቡድን በዓለም ዙሪያ ከእውነተኛ ሕንፃዎች የተሰበሰበውን፣ ከ80,000 በላይ መዝገብ ያለውን የአሽሬን የመረጃ ቋት ይዞ ቀመሩን ፈተነው። ሰዎቹ የሰጡትን ድምፅ በትክክል የገመተው 34 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ስቷል።

ይህ ውጤት ፋንገርን ጥፋተኛ አያደርገውም። እሱ የለካው ያልለመደው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ፣ መስኮት መክፈት የማይፈቀድለት ተማሪ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሲሞቀው ኮቱን ያወልቃል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ወደ ጥላ ይስባል፤ ሲበርደው ይደርባል፣ ትኩስ ነገር ይጠጣል። እንግሊዛውያኑ ማይክል ሀምፍሪስና ፈርገስ ኒኮል ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን ሲናገሩ ኖረዋል። ፓኪስታን ውስጥ ባደረጉት የመስክ ጥናት ኤሲ በሌለበት ሥፍራ 30 ዲግሪ ገደማ ላይ ሳይከፋቸው የሚሠሩ ሰዎችን አግኝተዋል። ቀመሩ ለእነዚያ ሰዎች የማይመች ሙቀት ይተነብይላቸው ነበር።

ክርክሩን ወደ ደረጃ የለወጡት ሪቻርድ ደ ዲርና ጌይል ብሬገር ናቸው። በ1998 ከ160 ሕንፃዎች የተሰበሰበ ወደ 21,000 የሚጠጋ መረጃ መርምረው፣ ሰዎች በመስኮት በሚተነፍስ ሕንፃ ውስጥ የሚመቻቸው ሙቀት ውጭ ካለው የሰሞኑ አየር ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ እንደሚል አሳዩ። ስሌቱ በእርሳስ የሚሠራ ነው። የውጭውን አማካይ ሙቀት በ0.31 አባዝቶ 17.8 መደመር። ከዚያ ወደ ላይም ወደ ታችም 3.5 ዲግሪ ቢርቅ ከመቶ ሰማንያ ሰው ይቀበለዋል ተብሎ ይታሰባል። አሽሬ ይህን በ2004 በደረጃው ውስጥ አስገባው። ውጤቱ ቀላል አይደለም። በፋንገር ቀመር ሲመዘን «ኤሲ ያስፈልገዋል» የሚባል ሕንፃ በዚህኛው ሲመዘን መስኮትና ጥላ ብቻ ይበቃዋል ሊባል ይችላል። የኮምፒውተሩ ግድግዳ አልተለወጠም፣ ፀሐይዋ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ለሰውየው የተሰጠው ሥልጣን ነው።

ሕንድ ይህን ቶሎ ተረዳች። የአሕመዳባዱ ሴፕት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሜሪካንን ቀመር እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ በአምስት የአየር ጠባይ ቀጣናዎች፣ በ16 የቢሮ ሕንፃዎች፣ በሦስት ወቅት እየተዘዋወሩ ከሠራተኞች 6,330 መልሶች ሰበሰቡ። የራሳቸውን ቀመር አወጡ፤ የውጭውን አማካይ በ0.54 አባዝቶ 12.83 መደመር። የሕንድ ሠራተኛ የውጭውን አየር ለውጥ ከአሜሪካው ግምት ይልቅ በደንብ ይከተላል ማለት ነው። ቀመሩ በ2016 በወጣው የአገሪቱ ብሔራዊ የሕንፃ ኮድ ውስጥ ገባ። የውጭ አማካይ 27 ዲግሪ በሆነበት ወር የአሽሬው ስሌት የሚመቸው 26.2 ነው ሲል የሕንዱ 27.4 ይላል። አንድ ዲግሪ ከምናምን ነው ብሎ መናቅ ይቻላል፤ ግን ሺህ ቢሮዎች ኤሲያቸውን በዚያ አንድ ዲግሪ ዝቅ አድርገው ሲያስሩት የሚከፈለው የመብራት ሒሳብ ቀላል አይሆንም።

የመስኮቱ ጉዳይ ለብቻው መነገር አለበት። ብዙ ሲሙሌሽኖች የሚያምር ውጤት የሚያመጡት መስኮቱ ሌሊቱን ሙሉ ተከፍቶ እንደሚያድር አድርገው በማሰላቸው ነው። ክፍል ኦ እዚህ ላይ ጨካኝ ነው፤ ጨካኝ መሆኑም ደግ ነው። ከመንገድ በእጅ የሚደረስበት የምድር ቤት መስኮት ሌሊት እንደተዘጋ ይቆጠራል፤ ሌባ አለና። የሌሊቱ ጫጫታ መኝታ ቤቱ ውስጥ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል የሚያልፍ ከሆነም መስኮቱ ተዘግቶ ያድራል ተብሎ ይሰላል፤ በጫጫታ መሐል የሚተኛ የለምና። ሕጉ ኮምፒውተሩን ስለ ሌባና ስለ መኪና ጥሩምባ እንዲያስብ አስገድዶታል። አንድ ስሌት ወደ ሕይወት መቅረብ የሚጀምረው እንዲህ ሲሆን ነው።

ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ጉዳዩ መልኩን ይቀይራል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፤ የመስታወት ሕንፃው በየአደባባዩ እየበዛ ነውና። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታን ታልፋለች። የወር አማካይ ሙቀቷን 17 ዲግሪ ብንል የደ ዲርና የብሬገር ስሌት የሚመች የቤት ውስጥ ሙቀት ወደ 23 ዲግሪ እንደሆነ ይነግረናል፤ ተቀባይነቱም ከ19.6 እስከ 26.6 ይዘልቃል። በዚህ ክልል ውስጥ ለመቆየት በደንብ የታሰበበት ሕንፃ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም ባያስፈልገው አይደንቅም። ዓለም ላይ እንዲህ ያለ ዕድል የተሰጣቸው ትልልቅ ከተሞች ብዙ አይደሉም። ዕድሉን ማባከን ግን ይቻላል፤ ለዚያም ፍቱኑ መሣሪያ በምዕራብ ፊት የተዘረጋ ጥላ የሌለው መስታወት ነው።

ምክንያቱ የፀሐይዋ መንገድ ነው። አዲስ አበባ በሰሜን 9ኛው ዲግሪ ላይ ስላለች ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ልክ አናት ላይ ትሆናለች፤ በመካከሉ ባሉት ወራት እኩለ ቀን ላይ የምትታየው በሰሜን በኩል ነው። ስለዚህ ከአውሮፓ መጽሐፍ የተቀዳው «ደቡቡን ከልል፣ ሰሜኑን እርሳው» የሚለው ምክር እዚህ በእነዚያ ወራት ይሳሳታል። በታኅሣሥ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ከአድማሱ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ በደቡብ ትታያለች፤ ሰሜንና ደቡብን አጭር የጣሪያ ክፈፍ ይበቃቸዋል። ምሥራቅና ምዕራብ ግን በክፈፍ አይመለሱም፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ዝቅ ብሎ የሚመጣው ፀሐይ ከክፈፉ ሥር አጎንብሶ ይገባል። በጠራ ቀን በምዕራብ ግድግዳ ላይ በካሬ ሜትር 600 ዋት ቢያርፍና ተራው መስታወት አብዛኛውን ቢያሳልፈው፣ 10 ካሬ ሜትር መስታወት ወደ 5 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያስገባል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግፋ ቢል 4 ኪሎ ዋት ነው። የምዕራቡ ቢሮ ሠራተኛ ከሰዓት በኋላውን የሚያሳልፈው እንጀራ እየተጋገረበት ባለ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠ ነው፤ ያውም እንጀራው ሳይኖር።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። በአዲስ አበባ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። አንድ ማራገቢያ በሰዓት የሚገፋው የአየር ይዘት ያው ቢሆንም ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት በሩብ ያነሰ ነው። ጥሩ ፕሮግራም ከፍታውን ከአየር ጠባይ ፋይሉ ያነባል፤ በዱባይ ወይም በለንደን ልምድ ላይ የተመሠረተ የእጅ ስሌት ግን ይህን ይዘላል። ከዚያም ማሽኑ ለምን እንደማያቀዘቅዝ ግራ የገባው የሕንፃ ባለቤት ሁለተኛ ማሽን ይገዛል።

አሁን ወደ ቤቱ ውስጥ ይገባ። ክፍል ኦ የሚከተለው የስሌት መመሪያ ሳሎንና ኩሽና አንድ በሆኑበት ቤት ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ከመሣሪያዎች ሁሉ 450 ዋት ሙቀት ይወጣል ብሎ ይነሳል። በኮንዶሚኒየም ኩሽና ውስጥ ምጣድ ሲጣድ የሚወጣው ከዚያ ሰባትና ስምንት እጥፍ ነው። በየቀኑ ባይሆንም በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ አንድና ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ ከሙቀቱ ጋር እንፋሎቱም አለ። ምጣዱ አጠገብ የምትቆመው ሴት ደግሞ በቀመሩ ቋንቋ 2 ሜት ላይ ናት። የከሰል ምድጃና ቡናውም አልተቆጠሩም። በሌላ በኩል ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ያው ቤተሰብ ጋቢ ተከናንቦ ይቀመጣል። በፕሮግራሞቹ ዝርዝር ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ሹራብና ካፖርት ሲኖሩ ጋቢን ባለሙያው በግምት ማስገባት ይኖርበታል፤ ግምቱ ደግሞ ቤቱ «ይበርዳል» ወይም «ይመቻል» የሚለውን ፍርድ ሊገለብጥ ይችላል። እነዚህን ሳያስገቡ የአዲስ አበባን ቤት መመርመር ኪራዩን የማይከፍል የውጭ አገር ሰው እዚያ እንዲኖር ማድረግ ነው።

ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ሌላ ሒሳብ አላቸው። እዚያ ጠላት ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ትንኝም ነው። መስኮት ከፍቶ ማደር በስሌቱ ቤቱን ያድናል፤ በኑሮው ግን ወባ ያስገባል። ወንፊት ሲገጠም ትንኙም ይቀራል፣ ነፋሱም ይቀንሳል፤ ስንት እንደሚቀንስ ደግሞ ፕሮግራሙ ካልተነገረው አያውቅም። እንግሊዝ ሌባንና ጫጫታን በደንቧ እንዳስገባች ሁሉ ለቆላው የሚወጣ ደንብ ትንኝን ማስገባት ይኖርበታል።

ሲሙሌሽን በአፍሪካ ደጋ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አርክቴክት ሚክ ፒርስ ከአሩፕ መሐንዲሶች ጋር የሠራው ኢስትጌት ሕንፃ በ1996 ተጠናቀቀ። የተለመደው ዓይነት ኤሲ የለውም። ቀን ላይ ከባዱ ኮንክሪት ሙቀቱን ይይዛል፤ ሌሊት ማራገቢያዎች ቀዝቃዛውን የደጋ አየር በወለሎቹ ሥር አሳልፈው ኮንክሪቱን ያበርዱታል። መሐንዲሶቹ በንድፍ ጊዜ በኮምፒውተር ስሌት ተረድተው ካስቀመጧቸው ግዴታዎች አንዱ ፀሐይ የሚበዛበት የሰሜን ፊት መስኮት ከግድግዳው 25 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ሌላው በውጭ ግድግዳ ላይ ቀጥታ ፀሐይ እንዳያርፍ የሚል ነበር። ሕንፃው ባማረ መልኩ ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜም ከምስጥ ኩይሳ ጋር ይነሳል። የኩይሳው ወሬ ለጋዜጣ ይመቻል፤ ሥራውን ከሠሩት አንዱ ግን በአርክቴክቱ ላይ የተጣለው 25 በመቶ ነው። የቀንና የሌሊቱ ሙቀት በሰፊው የሚራራቅባት አዲስ አበባ ለዚህ ዘዴ ከሐራሬ አታንስም። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀትሩን ሙቀት አሥር ሰዓት ያህል አዘግይቶ ሌሊት ላይ ወደ ውስጥ እንደሚያደርስ፣ ቀደምት የአዲስ አበባ ቤቶችን የከበበው የእንጨት በረንዳም ግድግዳውን ከፀሐይ እንደሚጋርድ ፕሮግራሙ በቁጥር ያረጋግጣል። ስስ ብሎኬትና ባዶ ቆርቆሮ ይህን ሁለቱንም አይሰጡም።

ከኮምፒውተሩ የወጣን ነገር እንደ ነቢይ ቃል መቀበልም አይገባም። የአየር ጠባይ ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ዓመታት ተመርጦ የተሰፋ «የተለመደ ዓመት» ነው፤ ክፉው ሳምንት ተስተካክሎ ይጠፋል። የሚለካውም በአብዛኛው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ እንጂ መርካቶ መካከል አይደለም። እንግሊዞች ለዚህ ከመደበኛው የሚሞቅና የመጪውን ዘመን ትንበያ የጨመረ ፋይል መጠቀምን ግዴታ አድርገዋል። ሌላው ደግሞ የተሣለውና የተሠራው አለመመሳሰሉ ነው። በፕላኑ ላይ የነበረው ፀሐይ መከላከያ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ይቀራል፣ ጥቁሩ መስታወት በገበያው ላይ በተገኘው ይተካል፣ የሚከፈተው መስኮት የማይከፈት ይሆናል። ስሌቱ ግን ማኅደሩ ውስጥ እንዳማረበት ይቀመጣል። ክፍል ኦም ቢሆን የሚመለከተው አዲስ ቤቶችን ብቻ ነው፤ በ2003ቱ ዓይነት ሙቀት የሚያሰጉት ግን ቀድሞ የተሠሩት ናቸው።

ያም ሆኖ አማራጩ ጨለማ ውስጥ መገንባት ነው፤ እርሱ ደግሞ ይበልጥ ውድ ነው። አንድ ሕንፃ ሃምሳ ዓመት ይቆማል። የሚበዛው የሙቀት ዕጣው የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ላይ ነው፤ ወደ የት እንደሚዞር፣ ምን ያህል መስታወት እንደሚለብስ፣ ጥላ እንዳለውና እንደሌለው። በዚያ ደረጃ አንድ ባለሙያ በሳምንት ውስጥ በኢነርጂፕላስ አሥር አማራጭ መሞከር ይችላል። ሕንፃው ከቆመ በኋላ ያለው አማራጭ መጋረጃና ኤሲ ነው።

ስለዚህ ፕላን ለማሠራት የሚሄድ ባለሀብት አርክቴክቱን ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። በመጋቢት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በምዕራቡ ክፍል መስታወት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ስንት ዲግሪ ይሰማዋል? በታኅሣሥ ንጋት 12 ሰዓት መኝታ ቤቱ ስንት ነው? ስሌቱ መስኮቱን ሌሊት ከፍቶታል ወይስ ዘግቶታል? የየዩኒቨርሲቲው የአርክቴክቸር ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሕንዶች እንዳደረጉት ተማሪዎቻቸውን ቴርሞሜትርና መጠይቅ አስይዘው ወደ ቢሮዎች፣ ወደ ኮንዶሚኒየሞችና ወደ ጭቃ ቤቶች ይላኩ፤ ከደጋ እስከ በረሃ፣ ከክረምት እስከ በጋ። የአዲስ አበባ ነዋሪ በስንት ዲግሪ «በረደኝ» እንደሚል በዴንማርክ ተማሪ ከመገመት ራሱን ነዋሪውን መጠየቅ ይሻላል፤ ለግንባታ ፈቃድ የሙቀት ስሌት ይቅረብ የሚል ደንብ ከመውጣቱ በፊትም ያ ጥናት መቅደም አለበት።